ሐምሌ 28፣ በአማኑኤል ዕለት የሆነልኝ

ቤይሩት ሳለሁ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር። እውነቱ ይሄው ነው። የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ፣ ዶላር ጠፋ፣ ማዳም ደሞዜን መክፈል አቆመች። ፓስፖርቴም እሷ ጋ ነው። ቀጥሎ ኮሮና መጣና በር ተዘጋብን። እናቴ ያረፈችው በዚያው ሰሞን ነው። መርዶውን በስልክ ሰምቼ፣ ኩሽና ውስጥ አፌን በፎጣ አፍኜ አለቀስኩ። "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" የሚለውን እንኳ መጸለይ ተውኩ። "ካለህ የት ነህ?" እለው ነበር። ጾሙንም ተውኩት። ማተቤን መበጠስ ግን አልቻልኩም።

የምሠራው አሽረፊዬ የሚባል ሰፈር፣ ከወደቡ ብዙም የማይርቅ ፎቅ ላይ ነበር። ዋናው ሥራዬ የማዳምን እናት ማስታመም ነው። ቴታ እላቸዋለሁ፤ እዚያ አያትን እንደዚያ ነው የሚጠሩት። አልጋ ላይ የዋሉ ሴት ናቸው።

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ማዳም ወጥታለች። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ሳሎን ሆኜ ልብስ ስተኩስ ፍንዳታ ነገር ተሰማ፤ በወደቡ በኩል ጭስ አየሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ስልኩን ይዞ በረንዳ ወጣ። እኔም ካውያውን ነቅዬ ወደ መስታወቱ ልሄድ ስል ቴታ ከውስጥ ተጣሩ። ዳይፐራቸው ሞልቷል። "አሁን ደግሞ!" አልኩ በአማርኛ፣ ተናድጄ። ግን ሄድኩ።

ጎንበስ ብዬ ሳገላብጣቸው ሕንጻው ተነሳ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ተነሳና ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ድምፁ። ጆሮዬ ጭው አለ። እሳቸው ላይ ተደፋሁ። ከአፌ የወጣው "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ነው። ስንት ጊዜ ሳልለው የኖርኩት ጸሎት!

ብድግ ብዬ ሳይ ሳሎኑ ሳሎን አይደለም። የመስታወቱ ስብርባሪ ግድግዳው ላይ ሳይቀር ተሰክቷል። የቆምኩበት ቦታ ላይ የመስኮቱ ብረት ወድቋል። "በአጠገብህ ሺህ በቀኝህም አሥር ሺህ ይወድቃሉ፤ ወደ አንተ ግን አይቀርብም።" የጠሩኝ ቴታ አይደሉም። እሱ ነው።

የፈነዳው ወደቡ ላይ ለዓመታት የተከማቸ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት የሚባል፣ ለማዳበሪያና ለፈንጂ የሚውል ኬሚካል መሆኑን፣ ከ200 በላይ ሰው ማለቁን የሰማነው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጦርነት ነበር የመሰለኝ።

መብራት የለም፣ ሊፍት የለም። ቴታን በአንሶላ አዝዬ ደረጃውን ወረድኩ። ደረጃው ደም በደም ነው፣ እግሬ ይንሸራተታል። ከላይኛው ፎቅ የምትሠራ የጎጃም ልጅ፣ የራሷ ክንድ እየደማ ደግፋ አወረደችልኝ። እህቴ፣ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ። ሆስፒታሉ ራሱ ፈርሶ በሽተኞቹን ደጅ አውጥቷቸዋል። መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ መሬት ላይ አደርን። አንድ የሶሪያ ሰው ውሃና ብርድ ልብስ ሰጠን። እሱንም ይባርከው። ቴታ እጄን አልለቅ ብለው "ያ አድራ፣ ያ አድራ" እያሉ እመቤታችንን ይጠራሉ። እኔ በአማርኛ፣ እሳቸው በአረብኛ። ያ ሌሊት አይነጋም ነበር።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው ዕለቱ ትዝ ያለኝ። አማኑኤል! እናቴ በሕይወት ሳለች ዝክሩን አስታጉላ አታውቅም። ያኔ አለቀስኩ፤ የኀዘን ግን አልነበረም። ደሞዝ የለኝ፣ ፓስፖርት የለኝ፣ ማደሪያ የለኝ፤ ደስ አለኝ። "የተውከኝ መስሎኝ ነበር" አልኩት። ኩርፊያዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ከዚያ ወራቱ በወረቀትና በሰልፍ አለፉ። የአውሮፕላን ትኬቴን የቆረጡልኝ ገንዘብ ያዋጡ የሀበሻ ልጆች ናቸው፣ ራሳቸው ደሞዝ ሳይከፈላቸው።

ሀገሬ የገባሁት ባዶ እጄን ነው። አሁን እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። ኑሮው ከባድ ነው፤ ጤፉ፣ የቤት ኪራዩ። ነገር ግን ሌሊት ተነስቼ ሊጥ ሳቀጥን ሳላስበው እዘምራለሁ። ጎረቤቶቼ "ምን አግኝተሽ ነው?" ይሉኛል። ይህንኑ እነግራቸዋለሁ።

እዚያ የቀራችሁ እህቶቼ፣ የክርስትና ስማችሁን ላኩልኝ። በየወሩ በአማኑኤል ስሄድ በጸሎት አስጠራላችኋለሁ።