ከባሕር ዳርቻ የተለቀመ ድንጋይ

ሰኞ ጠዋት የደረሰን ኢሜይል ርእሱ «ሪዘርቫየሩ አበቃለት» ይላል (ሪዘርቫየር የምንለው ከመሬት በታች ዘይት የያዘውን አለት ነው)። የላከው የቡድናችን የሪዘርቫየር መሐንዲስ ነው፤ ቀልድ የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው ስለሆነ ማንም አልሳቀም። ያያዘው የላብራቶሪ ውጤት ነበር። ከደቡብ እንግሊዝ፣ ከዶርሴት ባሕር ዳርቻ ያመጣቸው የአሸዋ ድንጋዮች ከጥቂቶቹ በስተቀር ድፍን ሆነው ተገኝተዋል። ዘይት የሚቀመጥበት ቀዳዳ የላቸውም፣ ፈሳሽም አያሳልፉም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የምንሠራው በሰሜን ባሕር ወለል ሥር በተቀበረ የነዳጅ መስክ ላይ ነበር (የድርጅቱ ስም ይቅር)። ዘይቱን የያዘው አለት በጁራሲክ ዘመን፣ ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ የተከማቸ አሸዋ ነው። የምናውቀው በተቆፈሩት ጉድጓዶች በኩል ብቻ ነው። ከጉድጓድ ተቆርጦ የሚወጣው በትር መሰል የአለት ናሙና፣ ኮር የምንለው፣ ውፍረቱ ከሰው ክንድ ብዙም አይበልጥም፤ ከአንዱ ጉድጓድ እስከ ሌላው ግን ኪሎ ሜትሮች አሉ። መካከል ላይ ያለውን ማን አይቶት? ስለዚህ የነዳጅ ጂኦሎጂስቶች ተመሳሳይ አለት ከመሬት በላይ ተገልጦ የሚታይበትን ቦታ ፈልገው ይሄዳሉ። የባሕር ዳርቻ ገደል ለዚህ ይመረጣል፤ ማዕበሉ ሥሩን እየበላ ሁልጊዜ አዲስ ገጽ ይከፍታል፣ አፈርና ሣርም አይሸፍነውም።

በዶርሴት፣ ዌስት ቤይ ላይ ያለው ኢስት ክሊፍ ከላይ እስከ ታች በአግድም የተሰመረ ወርቅማ ገደል ነው። አለቱ ብሪድፖርት ሳንድ ይባላል፤ ዕድሜው ከ170 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ይኸው አለት በስተምሥራቅ፣ ከመሬት በታች፣ በዊች ፋርም መስክ ዘይት ይዞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1973 መስኩ ሲገኝ ዘይት የታየው በዚህ አለት ውስጥ ነበር፤ ኋላ ከሥሩ የተገኘው የሸርዉድ አለት ዝናውን ወሰደበት እንጂ።

ጉዳዩ ያለው መስመሮቹ ላይ ነው። አብዛኛው ገደል ለስላሳና ደቃቅ አሸዋ ነው፤ የጥንቱ ባሕር ትሎችና ሌሎች ፍጥረታት እየቆፈሩ ስላመሱት የመጀመሪያ ንብርብሩ በብዙ ቦታ አይለይም። በየመካከሉ ግን ካልሳይት የሚባለው ማዕድን በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ረግቶ ያጠነከራቸው ክፍሎች አሉ። ነፋስና ዝናብ ለስላሳውን ሲሸረሽሩ እነሱ እንደ መደርደሪያ ወጣ ብለው ይቀራሉ። ከመሬት በታች ዘይትም ውሃም ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይሄድ የሚያግዱት እነሱ ናቸው።

የቡድኑ መሪ በዚህ ሙያ ያረጁ ጂኦሎጂስት ናቸው። ኢሜይሉን አንብበው ወደ መሐንዲሱ ጠረጴዛ መጡ።

«ከየት ነው የለቀምካቸው?»

«ከወደቀው ነው። ገደሉን በመዶሻ መንካት አይፈቀድም ተብዬ።»

እዚህ ላይ ልክ ነበር። ባሕር ዳርቻው እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ገደሉም ሳያስጠነቅቅ ይናዳል።

«ደግ አደረግህ። ሲናድ ግን ለስላሳውም ጠንካራውም አብሮ ነው የሚወርደው። ለስላሳው የታለ?»

ዝም አለ።

«ባሕሩ ወስዶታል። ለአንተ ያስቀረልህ ሊበላው ያልቻለውን ነው።»

ላብራቶሪው አልተሳሳተም። የለካው ግን መስመሮቹን ብቻ ነው፤ ዋናው አሸዋ በማዕበል ታጥቦ ከሄደ ቆይቷል። መሐንዲሱ ወዲያው ሌላ ሐሳብ አመጣ፤ ገና ከወደቀው ብሎክ ለስላሳውን ቆርጦ በሣጥን ሊያመጣ። መሪያችን ይህንንም አልተቀበሉም። ገደሉ ወርቅማ የሆነው ለአየርና ለዝናብ ተጋልጦ በውስጡ ያለው ብረት ስለዛገ ነው። ዝናብ ብረቱን ካዛገ ካልሳይቱንም አጥቦ ቀዳዳውን አስፍቶት ሊሆን ይችላል። «ቁጥሩን ከኮር እንወስዳለን፤ ከገደሉ የምፈልገው ቅርጹን ነው» አሉት። እኔም ከተጋለጠ አለት ላይ የተለካ ቁጥር ሪዘርቫየሩን በኮምፒውተር በምናስመስልበት ሞዴል ውስጥ በቀጥታ ሲገባ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ እንዲህ ያለው ሪፖርት ደግሞ ጥቂት አይደለም።

ከዚያ ሁላችንንም ይዘውን ሄዱ። ወደ ገደሉ ግን አላስጠጉንም፤ ወደቡ አፍ ላይ፣ ወደ ባሕሩ ገባ ብሎ በተሠራው ግንብ ላይ አቁመው ካሜራና መነጽር አወጡ። ከዚያ ርቀት ሲታይ መስመሮቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ሳይቋረጡ ይሄዳሉ። ሌሎቹ ከሩቅ መስመር ይምሰሉ እንጂ በመነጽር ሲታዩ ድቡልቡል ጓሎች ናቸው፤ በጓልና በጓል መካከል ለስላሳ አሸዋ አለ። ጉድጓድ ቆፍረህ ግን ልዩነቱን አታየውም። ኮሩ በጓል መሐልም አለፈ በማይቋረጥ ንጣፍ፣ የምታገኘው ያው አጭር ድፍን ድንጋይ ነው፤ ሎጉም ላይ (ጉድጓዱ ውስጥ የወረደ መሣሪያ በሚሥለው መስመር ላይ) ያው ሹል ምልክት ይወጣል። ከእኛ በፊት የነበረው ቡድን የሠራው ሞዴል ሹል ባየ ቁጥር ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ቀጥ አድርጎ ያገናኘው ነበር።

ወደ ውሃው ዳር ተንከባሎ የቀረ አንድ ብሎክ አገኘን። ግማሹን በአውራ ጣት ስታሸው ቅንጣቱ ይረግፋል፣ ጣት ላይም ቢጫ አቧራ ይቀራል። የቀረው ግማሽ፣ በተሰበረበት በኩል ሰማያዊ ቀመስ ግራጫ ነው፤ ቁልፍ ብትጭርበት እንኳ እሺ አይልም። መሐንዲሱ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየና «በጓሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ከጂኦሎጂስቶቹ ማናችንም ያላሰብነው ጥያቄ ነበር። እኛ የመዘገብነው የእያንዳንዱን መስመር ውፍረትና ከሌላው ያለውን ርቀት ነው። ለፍሰት ግን ክፍተቱ ይበልጣል፤ ዘይቱ እንቅፋቱን ዞሮ ለማለፍ ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚጓዝ የሚወስነው እሱ ነው። የዚያን ቀን የቀረው ሰዓት ያለቀው ልኩ ከሚታወቅ ነገር ጋር ፎቶ በማንሣት ነው፤ ክፍተቶቹን ኋላ ቢሮ ውስጥ ከፎቶው ለካናቸው።

አዲሱ ሞዴል ውስጥ በብዙ ጉድጓዶች በተመሳሳይ ደረጃ ላይ የሚደጋገሙት ሹሎች ንጣፍ ተብለው ገቡ፤ በአንድ ጉድጓድ ታይተው በሌላው የጠፉት ጓል ተባሉ። አግድም ሊቆፈር የታሰበው ጉድጓድም ተቀየረ፤ በሁለት ንጣፎች መካከል ተዘግቶ እንዳይቀር ንጣፎቹን እየበሳ በሰያፍ እንዲወርድ ተደረገ። መሪያችንና መሐንዲሱ ያልተስማሙባቸው መስመሮች ግን አሁንም አሉ፤ እሳቸው ንጣፍ ይሏቸዋል፣ እሱ ጓል። አዲስ ኮር ክርክሩን አይፈታውም። የሚፈታው ምርት ከተጀመረ በኋላ ከመስመሩ በላይና በታች የሚለካው ግፊት ነው፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት ከታየ የእሳቸው፣ ካልታየ የእሱ።