ዘጠነኛው ባጅ ገና አልተሰፋም

የሕይወት ባጅ መሰብሰብ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሞላኝ። አብራችሁኝ ለጀመራችሁ ጓደኞቼ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

አሠራሬ አልተለወጠም። ለመጀመሪያ ጊዜ ላደረግሁት ነገር ክብ የካኪ ጨርቅ ቆርጬ ምልክቱን በክር እጠልፋለሁ፤ ታሪኩን ጽፌ በቴሌግራም ከለቀቅሁ በኋላ አሮጌው ጃኬቴ ላይ እሰፋዋለሁ። ስካውቶች ባጅ የሚያገኙት አስቀድሞ የተቀመጠ መስፈርት አሟልተው ነው። እኛ ፈታኝ ስለሌለን ማስረጃችን ታሪኩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ግን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አምስት ባጅ ሰፋሁ። የሐዋሳውን ታቦር ተራራ በጎህ ወጥቼ የጻፍኩት «ወጣሁ፤ በጣም ያምራል» የሚል ብቻ ነበር። የፍቼ ጨምበላላው፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫው፣ ታሪክ ይሻላል። ጎረቤታችን እማማ በዋዜማው ከእርጥብ ቅርንጫፍ በተሠራው በር፣ በሁሉቃ፣ ሥር አሳለፉኝ፤ ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራውን ቡርሳሜ አበሉኝ፤ ቀኑን አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው እንደሚቆርጡትም ነገሩኝ። በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መመዝገቡን አውቅ ነበር። ጎንበስ ብለው ሲያልፉ እርጥቡ ቅጠል አንገት ላይ እንደሚቀዘቅዝ ግን አላውቅም ነበር።

ዘጠነኛው ባጅ የዓሣ መረብ ጥገና ነው። አራት ቅዳሜ በማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርጄ ከአንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ጎን ተቀመጥሁ። ጋሼ ክር የተጠመጠመባትን ጠፍጣፋ የእንጨት መርፌ በተቀደደው የመረብ ዓይን (ቀዳዳ) ያሾልካሉ፤ ሁለት ጣታቸውን አስገብተው ስፋቱን ይለካሉ፤ ከዚያ ያጠብቃሉ። የእኔ ቋጠሮ ሲሳብ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። ከሁሉ በላይ ያስጨነቃቸው ግን የዓይኑ ስፋት ነበር። «ከጠበበ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት ትይዣለሽ፤ ነገ ምን ልናጠምድ ነው?» አሉኝ።

እዚህ ላይ አጠፋሁ። በሁለተኛው ሳምንት ፊታቸው የሚታይበትን ፎቶ ሳላስፈቅድ ለቀቅሁት። የልጅ ልጃቸው አሳይቷቸው ኖሮ በቀጣዩ ቅዳሜ ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ እጄን አንሺ፤ ፊቴን ተዪው» አሉኝ። በጣም አፈርኩ። ፎቶውን እዚያው አጥፍቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ እጃቸውን አነሳሁ፤ የጻፍኩትንም አነበብኩላቸው። አንድ ነገር አረሙኝ፦ «መረቡ የእኔ አይደለም፤ የማኅበራችን ነው።» ከዚያ ወዲህ የማንንም ታሪክ ለባለቤቱ ሳላነብ አልለቅም። እናንተም ብትሞክሩት ደስ ይለኛል፤ ታሪኩ ራሱ ይስተካከላል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠልፌ የጨረስኩትን ባጅ ይዤላቸው ሄድኩ። በአረንጓዴ ክር አራት የመረብ ዓይን ሠርቼበታለሁ። ጋሼ አገላብጠው አዩት፤ ጣታቸውን ጥልፉ ላይ አሳርፈው ለኩ።

«ይኼም ጠቧል» አሉ።

ማታውኑ ፈታሁት። አሁን በሁለት ዓይን ብቻ እንደገና እየጠለፍኩት ነው።