ለእያንዳንዱ ዶክተር አንድ ዲስክ

«ዶክተር ሁ» ከተባለው የቴሌቪዥን ድራማ የዘጠነኛው ዶክተር የሙዚቃ ዲስክ አልቋል። የአሥረኛውም አልቋል። አሥራ አንደኛውን ለጊዜው ዘልዬዋለሁ፤ ሰውየው እንደ ጥይት የሚናገር ስለሆነ ለጠባዩ የሚስማማ ዜማ እስካሁን አላገኘሁለትም። አሁን ያለሁት አሥራ ሁለተኛው ላይ ነው፤ እስከዚህ ድረስ የተማርኩትን ሳይረሳኝ ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ እንዲህ ነው። «ዶክተር ሁ» የተባለው የብሪታንያ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ በ1963 ጀምሮ በ1989 ተቋረጠ። ዋናው ሰው፣ ዶክተሩ፣ በጊዜ ውስጥ የሚጓዝ ነው፤ ሊሞት ሲል መልኩን ስለሚለውጥ በየተራው ሌላ ተዋናይ ይጫወተዋል። በ1996 አንድ የቴሌቪዥን ፊልም ብቅ ብሎ ጠፋ። ከዚያ በማርች 26 ቀን 2005፣ ክሪስቶፈር ኤክልስተን ዘጠነኛው ዶክተር ሆኖ፣ እንደገና ተጀመረ። እኔም ከእርሱ ጀምሮ ለተፈራረቁት ዶክተሮች ለየአንዳንዳቸው አንድ የሙዚቃ ዲስክ እያዘጋጀሁ ነው። የድራማው መግቢያ ዜማ ከፊት ይሆናል፣ የሰውየውን ጠባይ የሚመስሉ የአገራችን ሙዚቃዎች ይከተላሉ።

«በዚህ ዘመን ዲስክ?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ ከሰፈሬ ይነሳል። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ከተማው አልቆ የአዳማው የፍጥነት መንገድ በሚጀምርበት አካባቢ ነው። የባልንጀራዬ አሮጌ ኮሮላ ሲዲ እንጂ ፍላሽ አያውቅም፤ ወደ አዳማ ስንወርድ የምንሰማው ያንኑ ነው። አንድ ዲስክ 80 ደቂቃ ይይዛል፤ ለመንገዱ በቅቶ ይተርፋል። ደግሞም ፍላሽ ላይ ሺህ ዘፈን የጫነ ሰው ምንም አልመረጠም። ሰማንያ ደቂቃ ሲኖርህ ግን የምትወደውን ዘፈን ጭምር ለማስወጣት ትገደዳለህ።

የ2005ቱን ድራማ የምወደውም በዚሁ ምክንያት ነው። የድሮው አንድን ታሪክ በ25 ደቂቃ ክፍሎች ቆራርጦ ለአራት ለስድስት ሳምንት ይጎትተው ነበር። አዲሱን የመሩት ራስል ቲ ዴቪስ 13 ክፍሎች ብቻ፣ እያንዳንዱንም ወደ 45 ደቂቃ አድርገው አብዛኛውን ታሪክ በአንድ ጊዜ እንዲያልቅ አደረጉ። የመጀመሪያው ክፍል የሚከፈተው ሮዝ በምትባል የሱቅ ሠራተኛ ነው፤ ጠዋት ከእንቅልፏ ትነሳለች፣ ሥራ ትገባለች፣ እኛም ዶክተሩን የምንተዋወቀው በእርሷ ዓይን ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ታሪክ በላያችን አልተዘረገፈብንም። «የጊዜ ጦርነት» ከተባለው ፍጅት ተርፎ ብቻውን የቀረ ሰው መሆኑን እንኳ የምናውቀው ቀስ በቀስ ነው። የድሮው ይሻላል ብለው የሚሟገቱ ወዳጆች አሉኝ። ትዕግሥታቸውን አደንቃለሁ፤ በፍርዳቸው ግን አልስማማም።

ለዘጠነኛው ዶክተር ዲስክ ይህን ተከትያለሁ። ጦርነት የተሸከመ ሰው ስለሆነ ከጌታቸው መኩሪያ የተሻለ አልተገኘም፤ ሽለላን ከፎካሪው አፍ ወደ ሳክስፎን ያሻገሩ ሰው ናቸው። ሆኖም ሽለላውን መጀመሪያ ላይ አላስገባሁትም። ቀለል ባለ የባንድ ሙዚቃ ጀመርኩና ሳክስፎኑ ከዲስኩ እኩሌታ በኋላ እንዲፈነዳ ተውኩት። ባልንጀራዬ እዚያ ቦታ ሲደርስ ሳያውቀው ነዳጁን ይረግጣል፤ ይህ ለእኔ ከምስጋና በላይ ነው።

የፈረንጅና የአበሻ ዜማ መቀላቀል ያስጨነቀኝ ጊዜ ነበር። ያንን ጭንቀት ያራገፈልኝ የ2005ቱ ሁለተኛ ክፍል ነው። ታሪኩ ከዛሬ አምስት ቢሊዮን ዓመት በኋላ፣ ምድር በምትጠፋበት ዕለት ነው። የመጨረሻዋ ንጹሕ ሰው ነኝ የምትል አንዲት እንግዳ ትልቅ የሸክላ ማጫወቻ ሣጥን ታስገባለች፤ «አይፖድ» ብላ ታስተዋውቀዋለች። ከዚያ የብሪትኒ ስፒርስ ዘፈን እንደ ጥንታዊ ቅርስ ይሰማል። ባየሁት ቁጥር እስቃለሁ። ጊዜ በዘፈኖች መካከል ያለውን አጥር እንዲህ የሚያፈርሰው ከሆነ፣ በገና ከኤሌክትሪክ ጊታር ቀጥሎ ቢመጣ ማን ይከሰኛል?

ስለ መግቢያው ዜማ ግን ሰፋ አድርጌ ልናገር። ድርሰቱ የሮን ግሬነር ነው። በ1963 ወደ ድምፅ የለወጠችው ደግሞ በቢቢሲ የሬዲዮፎኒክ ወርክሾፕ (ልዩ ድምፆች በሚፈጠሩበት ክፍል) ትሠራ የነበረችው ዴሊያ ደርቢሸር ናት። አንድም ሙዚቀኛ አልተጫወተውም። አንድ የተነካ ክር፣ ለመሣሪያ መፈተሻ የሚያገለግሉ የኤሌክትሪክ ድምፆችና ሹክሹክታ የመሰለ ጫጫታ በማግኔት ቴፕ ተቀዱ። ከዚያ እየፈጠኑና እየዘገዩ፣ እያንዳንዱ ኖታ በምላጭ ተቆርጦ ተቀጣጠለ። ግሬነር የደራሲነቱ ድርሻ ይገባታል ብሎ ቢሞክርም የተቋሙ ደንብ አልፈቀደም፤ ስሟ በድራማው ላይ የተጻፈው በ2013፣ በ50ኛው ዓመት ልዩ ዝግጅት ነው። ያኔ በሕይወት አልነበረችም። በዲስኮቼ ሽፋን ላይ ግን ስሟን ከግሬነር ጎን እጽፋለሁ። አንድ ቀን ዜማውን በረንዳ ላይ ስሰማ ከታች ያሉት ጎረቤቴ አዛውንት «ልጄ፣ ማሲንቆውን እንዲህ የሚያስለቅሰው ማን ነው?» አሉኝ። ማሲንቆ እንደሌለበት ብነግራቸውም አላመኑኝም፤ አልፈርድባቸውም።

በቤት የተቀዳ ነገርን የሚንቅ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ይህን ንገሩልኝ። ቢቢሲ የ1960ዎቹን ብዙ ክፍሎች ቴፑን ደግሞ ለመጠቀምና ቦታ ለማስለቀቅ ሲል አጥፍቷቸዋል። የጠፉት ክፍሎች ድምፅ ግን በሙሉ አለ። ያተረፉት በየቤታቸው መቅጃ ቴፕ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያጣመሩ ተመልካቾች ናቸው፤ ብዙዎቹም ገና ልጆች ነበሩ። ምስሉ ደግሞ በፊልም እየተገለበጠ ለውጭ ጣቢያዎች ይሸጥ ስለነበር አንዳንዱ ከሩቅ አገር ተገኝቷል። በ2013 ወደ ቤታቸው መመለሳቸው የተነገረላቸው ዘጠኝ ክፍሎች የተገኙት ናይጄሪያ ውስጥ፣ ጆስ ከተማ ባለ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ኢትዮጵያም በዚያ ዘመን ድራማውን ከገዙት አገሮች አንዷ ነበረች። በበኩሌ ይህን ካወቅሁ ወዲህ አሮጌ የፊልም ቆርቆሮ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

ወደ ሥራው ስመለስ፣ ለጀማሪዎች የሚጠቅም ጥቂት ነገር አለኝ። ለመኪና የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ሲዲ አር ነው፤ እየተሰረዘ የሚጻፍበት ሲዲ አርደብሊው ብርሃን የሚያንጸባርቀው በጣም ጥቂት ስለሆነ አሮጌ ማጫወቻዎች አያነቡትም። ዲስኩን «ኦዲዮ» አድርጋችሁ ጻፉት፤ ኤምፒስሪ የማያውቁ መኪኖች ብዙ ናቸው። ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው የታችኛው ፊት ነው፤ መረጃው የተጻፈበት ስስ ሽፋን ግን ያለው ከላይ፣ ስም በምንጽፍበት በኩል ነው። ስለዚህ እስክሪብቶ ሳይሆን ጫፉ ለስላሳ ማርከር። ፀሐይ ላይም አትተዉት፤ መረጃውን የያዘው ቀለም ይበላሻል። መብራት በመካከል ከሄደ ያ ዲስክ አበቃለት ማለት ነው፤ ላፕቶፑ ባትሪው ሳይሞላ አልጀምርም።

ብዙ ጊዜ የሚፈጀው የድምፅ መጠን ማስተካከል ነው። ከሸክላ የተገለበጡት የ1970ዎቹ ሙዚቃዎች ዝቅ ያሉ ናቸው፤ የዛሬዎቹ ይጮኻሉ። ኦዳሲቲ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ በእርሱ አስተካክላለሁ። ከፍተኛውን ጫፍ እኩል ማድረግ ብቻ ግን አይበቃም፤ ጆሮ የሚመዝነው አማካዩን ስለሆነ በመጨረሻ የሚወስነው መስማት ነው። በየዘፈኑ መካከል ፕሮግራሞች የሚጨምሩትን የ2 ሰከንድ ዝምታም አጠፋዋለሁ። የት ዝም እንደሚባል መወሰን ያለበት ዲስኩን የሚሠራው ሰው ነው።

አሥራ ሁለተኛው ዶክተር፣ ፒተር ካፓልዲ፣ ሽማግሌና ቁጡ ሆኖ ይጀምርና እየሰነበተ ልቡ ይለሰልሳል፤ በመካከሉም ኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወታል። ለቁጣው የዓለሙ አጋን በገና መርጫለሁ፤ ለልስላሴው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሰሙ የጠበቅሁትን ያህል አልተጣሉም። ችግሩ በገናው ረጅም መሆኑ ነው፤ ዲስኩ ከ80 ደቂቃ አልፏል፣ በገና ደግሞ ከመሐል አይቆረጥም። ስለዚህ ከጊታሮቹ አንዱ ይወጣል። ከዚያ ለአሥራ ሦስተኛዋ፣ ለጆዲ ዊተከር፣ የሴት ድምፅ ብቻ ያለበት ዲስክ አስቤያለሁ። ለአሥራ አንደኛው ወሬኛ የሚሆን ፈጣን፣ ግን ሠርግ ሠርግ የማይል ዜማ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።