ጤፍን ሳስተምር

በዚህ ሰሞን ለባዮሎጂ ተማሪዎቼ ስለ ዘር ውርስ ሳስተምር ዋና ምሳሌዬን የዘር ውርስን ሕግ ካጠናው ከሜንዴል አተር ወደ ጤፍ አዙሬዋለሁ። በየቀኑ የምንበላው፣ ዋጋው በየቤቱ የሚያነጋግር፣ በባሕር ማዶ ፍርድ ቤት ሳይቀር ክርክር የተነሣበት እህል በእጃችን እያለ የዘርን ነገር ከሩቅ መጀመር ትክክል አይመስለኝም።

የጤፍ አበባ እጅግ ትንሽ በመሆኗ ዛላውን በአጉሊ መነጽር ካላዩት ወንዴና ሴቴ ክፍሎቿን መለየት ያስቸግራል። ተክሉ በራሱ አበባ ብናኝ ራሱን የሚያራባ ነው፤ አበባውም የሚከፈተው ማለዳ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ለአጭር ጊዜ ነው። በዚህም የተነሣ ሁለት ዓይነት ጤፍ ማዳቀል ለረጅም ጊዜ ሳይቻል ቆይቶ፣ የጤፍ ተመራማሪው ዶክተር ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አበባው የሚከፈትበትን ሰዓት ከደረሱበት በኋላ መንገዱ ተከፈተ። በደብረ ዘይት የምርምር ማእከል ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው ነጭ ጤፍ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። በማይክሮስኮፕ ሥር እያንዳንዷን አበባ ከፍቶ ወንዴ ክፍሏን በመርፌ ጫፍ ማውጣት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ሳይንስን ከዚህ በላይ የሚያስከብር ታሪክ አላውቅም።

ይሁን እንጂ ትምህርቱን እዚህ ላይ ማቆም ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶ ነበር። እናቶቻችን ከአባቶቻችን ጋር ለብዙ ትውልድ ሲያበጥሩት፣ ሲያስፈጩትና ሲያቦኩት የኖሩትን እህል የሚመለከት መብት በባዕድ መዝገብ ላይ መጻፉን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ይቆረቁረኛል። በሄግ የሚገኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 በኔዘርላንድ የተመዘገበውን መብት አዲስ ፈጠራ የለበትም በማለት ውድቅ አደረገው። ውሳኔው ደስ ቢያሰኘኝም፣ ክርክሩ የተካሄደው በሁለት የውጭ ኩባንያዎች መካከል እንጂ ኢትዮጵያ ከሳሽ ሆና የቀረበችበት አለመሆኑ ሊያሳስበን ይገባል።

የአገራችን የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲቋቋም ዓላማው የገበሬውን ዘር ከመጥፋት ማዳን ነበር። የዘር ባንኩን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ደግሞ ዘርን በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃ፣ በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ ከአየሩና ከአፈሩ ጋር አብሮ መለወጥ እንዳለበት አጥብቀው ተከራክረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራቸው ነው። የባለሙያን እውቀት ከገበሬው እውቀት በላይ ያላስቀመጡ በመሆናቸው አከብራቸዋለሁ። ገበሬው በድርቅ ዘመን ለዘር ያስቀመጠውን ለመብላት ሲገደድ የሚጠፋው የአንድ ክረምት ምርት ብቻ ሳይሆን ለዘመናት በምርጫ የተገነባ ዘር ጭምር ነው። ገበያው ለነጭ ጤፍ ብቻ ከፍ ያለ ዋጋ ሲሰጥም ቀዩና ሰርገኛው በዝምታ ወደ ዳር ይገፋሉ፤ እንዲህ ያለው ጉዳት እንደ ድርቅ በዜና ስለማይነገር ይበልጥ ያስፈራኛል።

በ1998 ዓ.ም. የወጣው፣ የዘረመል ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482 ለማኅበረሰቡ እውቀትና መብት እውቅና ይሰጣል። ለተማሪዎቼ አዋጁ ምን እንደሚል ካስረዳኋቸው በኋላ በቤታቸው ዘር የሚመርጠው ማን እንደሆነ ጠይቀው እንዲመጡ አዘዝኳቸው። አንዲት ተማሪ፣ አያቷ ጤፉ ከመታጨዱ በፊት ማሳው ውስጥ እየተዘዋወሩ ዛላው የሞላውንና ያልወደቀውን ለዘር እንደሚለዩ ጽፋ አመጣች። ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ የዘር ምርጫ ማብራሪያ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት አያቷ የሚያዩትን እያንዳንዱን ምልክት ጠይቃ በዝርዝር እንድትጽፍልኝ ነግሬያታለሁ።