ያልተከፈቱ ስድስት ደብዳቤዎች

በአንድ ከተማ አስተዳደር ውስጥ አዲስ የገቡ ስደተኞችን ጉዳይ በሚከታተል ክፍል ስሠራ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ማን የቋንቋ ትምህርት ጀመረ፣ ማን ለሥራ ተመዘገበ፣ ማን የጤና ምርመራ ቀረው የሚለውን የምከታተለው እኔ ነኝ። ቀጠሮ የምንሰጠው በደብዳቤ ነው። ባለጉዳዩ ሦስት ጊዜ ከቀረ ኮምፒውተሩ ምክንያት ይጠይቃል፤ ከምርጫዎቹ አንዱ «ፈቃደኛ አይደለም» ይላል።

ይህን ከሞላሁባቸው ሰዎች አንዱ ስልሳ ዓመት የተጠጉ የብየዳ ባለሙያ ነበሩ። ወደ ከተማው ከመምጣታቸው በፊት አሥራ አንድ ዓመት በስደተኞች ካምፕ ኖረዋል። ስድስት ደብዳቤ ላክንላቸው፤ ለአንዱም መልስ አልመጣም። በቋንቋ ክፍሉ የተያዘላቸው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ውሳኔው ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ጠዋት በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቀጠሮ ስላልነበራቸው ልመልሳቸው ስል ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የታሰረ ነገር አውጥተው በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። ስድስቱ ደብዳቤዎች ነበሩ። እንደታሸጉ ናቸው፤ ጠርዛቸው እንኳ አልተጨማደደም።

አስተርጓሚ በስልክ አገናኘሁና «ለምን አልከፈቷቸውም?» አልኳቸው። ድምፄ ውስጥ ቁጣ እንደነበረ አስታውሳለሁ። እሳቸው ግን ተረጋግተው አስረዱኝ። በካምፑ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የሚሄድ ወረቀት በታሸገ ፖስታ ይሰጣቸው ነበር። ተሸካሚው አይከፍተውም፤ ከከፈተው ጉዳዩ ይበላሽበታል። የእኛም ፖስታ የመንግሥት ማኅተም ስላለበት የሚረከባቸው ሰው እስኪመጣ በአደራ አስቀመጡት። ሰው ሲጠፋ ራሳቸው ይዘው መጡ። «አንዱም አልተነካም፤ ይቁጠሩት» አሉ።

አብረን ከፈትናቸው። የመጀመሪያው የቋንቋ ትምህርት ጥሪ ነው። ሁለተኛው ማስታወሻ፣ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ፣ አራተኛው ቦታዎ ተሰርዟል የሚል። አምስተኛው የጤና ምርመራ ነበር። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ፤ ለብየዳ ባለሙያዎች የተዘጋጀ የሙያ ምዘና ጥሪ ነው፣ ቀኑ አልፏል። አስተርጓሚዋ «እየሰማሁ ነው» ስትለኝ ነው የቀጠልኩት። ሰውዬው እስኪያልቅ አዳመጡና «ታዲያ እነዚህ ሁሉ ለእኔ ነበሩ?» ብለው ጠየቁ።

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ደብዳቤ በአገሩ ቋንቋ ብቻ መጻፉን ልብ ያልኩት። ቋንቋውን እንዲማሩ የሚጠራቸው ወረቀት ገና ባልተማሩት ቋንቋ ነበር። ቢከፍቱትም አያነቡትም።

የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት በሥልጠና ተምሬዋለሁ። አንቀጽ 34 አገሮች ስደተኞች ከኅብረተሰቡ ጋር እንዲዋሃዱና ዜግነት እንዲያገኙ በተቻለ መጠን እንዲያመቻቹ ይጠይቃል፤ ስብሰባ ላይ ደጋግሜ ጠቅሼዋለሁ። አንቀጽ 2 ደግሞ ስደተኛው የተቀበለውን አገር ሕግና ደንብ የማክበር ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። እኚህ ሰው ደንብ ነው ብለው ያመኑትን ወራት ሙሉ በኪሳቸው ጠብቀዋል። እኔ እምቢተኛ ብዬ መዘገብኳቸው። ዛሬ አብዛኛው ስደተኛ የሚኖረው በካምፕ ሳይሆን በከተማ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከአገሩ ጋር መጀመሪያ የሚገናኘው እንደ እኔ ባለ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህ ያስፈራኛል፤ ሊያስፈራኝም ይገባል። የምንለካው እንግዳው ምን ያህል እንደለመደ ነው፤ እኛ ምን ያህል ግልጽ እንደሆንን የሚለካ ቅጽ ቢሯችን ውስጥ አላየሁም።

ለኃላፊዬ ጻፍኩ። ማንም ሰው «ፈቃደኛ አይደለም» ከመባሉ በፊት በአስተርጓሚ ይደወልለት አልኩ። የአስተርጓሚ ክፍያ በደቂቃ ስለሚቆጠር መጀመሪያ ተከለከለ። ስድስቱን ደብዳቤዎች ከነፖስታቸው ይዤ ገባሁ። ከሦስተኛው ቀሪ በፊት አንድ ጥሪ ተፈቀደ።

በዚያ ጥሪ ያገኘናቸው ሰዎች ምክንያት የየራሱ ነበር። አንዷ እናት ልጆቿን የምታኖርበት አጥታ ነው የቀረችው፤ አንዱ የሌሊት ሥራ ጀምሮ ነበር። ለመማር አልፈልግም ያለኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሰውዬው ለሚቀጥለው ክፍል አምስት ወር ጠበቁ። የሙያ ምዘናውንም በኋላ አገኙ። ፋይላቸው ላይ የጻፍኩትን ግን ላጠፋው አልቻልኩም። የኮምፒውተሩ ሥርዓት አንድ ጊዜ የተመዘገበን ቃል አይሰርዝም፤ ከሥሩ ማስታወሻ ብቻ ያስጨምራል። «ስህተቱ የእኛ ነው» ብዬ ስሜን ጻፍኩበት።