ወገቡ ላይ ያለችው ቢጫ

ጥር 15

እንግዶቹ ከሄዱ ሦስት ቀን ሆነ። ከጥምቀት በኋላ እዚህ ቤት የሚወርደው ዝምታ ዘንድሮ ከበደኝ። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። ሰውዬው ጉልበቱ ይዞት ተኝቷል። ድሮ ቢሆን በዚህ ሰዓት የአንኮበር መንገድ ላይ ነበርን፤ እሱ ካሜራውን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እኔ አቅራቢ መነጽሩን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ።

ሻይ ጥጄ በመስኮት ሳይ፣ የጎረቤታችን የገብስ ጭድ ክምር ላይ ወፎች ወርደዋል። ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ድንቢጥ የመሰሉ። ካሜራውን አንስቼ አከታትዬ ተኮስኩ። ከዚያ ሳጎላው አንደኛው ሊበር ክንፉን ከፈት አድርጓል። ወገቡ ላይ፣ ከጅራቱ ከፍ ብሎ፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለች ቢጫ አለች።

የመስቀል ወፍ ነው። በጥር!

አንዳንዱ የመስቀል ወፍ የሚለው ቀዩን ነው፤ እኔ ባደግኩበት ግን ጥቁርና ቢጫው ነው፤ መስከረም ላይ ሣሩ ጫፍ ላይ ላባውን ነፍቶ የሚንጠባረረው። ልጅ ሆኜ እናቴን ከመስቀል በኋላ የት እንደሚሄድ ስጠይቃት «አገሩ ይገባል» ትለኝ ነበር። ዓመት ጠብቆ ብቅ የሚል ዘመድም በእሱ ስም ይጠራል። እሱ ግን የትም አልሄደም። ያ ጌጥ ወንዱ ክረምቱ ሣሩን ሲያሳድግለት ለሴቷ ብሎ የሚለብሰው ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ይቀይርና ሴቷን መስሎ ከሌሎች ጥሬ ለቃሚዎች ጋር ቃርሚያ ለቃርሚያ ይዞራል። የምትቀርለት ያቺ የወገቡ ቢጫና ትከሻው ላይ ያለችው ናት። ሰውዬው ይህን ከመጽሐፍ አንብቦ ነግሮኝ ነበር። ከራሴ ጓሮ ማዶ ሳየው ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

በፊልሙ ዘመን ይህን ማን ያይ ነበር? ባለ 36 ፊልም ገዝተን፣ አዲስ አበባ ልከን፣ እስኪታጠብ ጠብቀን ነው ያነሳነውን የምናየው። «ለቡናማ ወፍ ፊልም አታባክኚ» ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ደሞዛችን አይፈቅድም።

እንዲህ የሚለው ሰው ግን ለአንዲት ቡናማ ወፍ ስንቴ አንኮበር ተመላልሷል። የአንኮበር ሰሪን ይሏታል። ያ ሁሉ መንገደኛ፣ ያ ሁሉ የቤተ መንግሥት ሰው ባለፈበት ገደል አፋፍ ላይ ስትለቅም ኖራ፣ ሳይንስ ያገኛት እንደ ፈረንጆቹ በ1976 ነው። መሬት ላይ በመንጋ ነው የምትለቅመው፣ ቀለሟ ከድንጋዩ አይለይም። አንድ ቀን ነፋሱ ፊቱን እየገረፈው በሆዱ ተኝቶ ጠበቃት። እኔ ከኋላው ጋቢውን እንዳይወስደው ይዤለት ነበር። ሲነሳ እጁ ደንዝዞ የሌንሱን ክዳን መግጠም አቃተው፣ እኔ ገጠምኩለት። ፎቶዋ ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ «ወፏ የታለች?» ይላል። እሱም ተነስቶ በጣቱ ያሳያል፣ ሳይሰለች።

ዛሬ ያነሳሁትን ገና አላሳየሁትም። ጉልበቱን ረስቶ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ እኔም ደስ ይለኛል። የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ልጃችን ዲጂታሉን ካሜራ የላከችልን ዓመት ካርዱ ሞላብን። ቁጭ ብዬ ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ከወፍ ዋሻ ጫካ ዳር ያነሳቸውን፣ ከደብረ ሲና ስንመለስ እርሻ ላይ ያነሳቸውን፣ ቡናማ ቡናማውን ሁሉ «ድንቢጥ ነው» እያልኩ አጠፋሁ። እሱ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

አንዱ ትዝ ይለኛል፤ ጀርባውን ሰጥቶ አጥር ላይ የቆመ። ወገቡ ላይ ቢጫ ነበረው?