ሀሪኬን ከመምጣቱ በፊት፦ ሂዩስተን ላላችሁ

የሀሪኬን ወቅት ጁን 1 ይገባል፣ እስከ ኖቬምበር 30 ይቆያል። ወሬው ሲጀመር ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠይቀው «ካቴጎሪ ስንት ነው?» ብለን ነው። ከአምስቱ ደረጃ ዝቅተኛው፣ አንድ ከተባልን እፎይ እንላለን። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ እፎይታ ነው። ካቴጎሪ የሚለካው የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደሚዘንብ፣ መብራት ስንት ቀን እንደሚጠፋ አይነግራችሁም። በጁላይ 2024 የመጣው ቤሪል ካቴጎሪ 1 ነበር። ግን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ፣ አንዳንዱ ሰፈር ከሳምንት በላይ፣ ያውም በዚያ ሙቀት።

ስለዚህ ዝግጅታችሁ ነፋሱ ካለፈ በኋላ ላሉት ቀናት ይሁን።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን አስቡ፣ የገላ መታጠቢያውን ገንዳም ሙሉት፣ ለሽንት ቤት ይሆናል። በምግብ በኩል እኛ ታድለናል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፤ እሳትም ፍሪጅም አይፈልጉም። የፍሪዘሩን በር ደግሞ ዝም ብላችሁ አትክፈቱ። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ፍሪጁ ግን ከአራት ሰዓት አያልፍም።

አሁን ወደ ከሰሉ ልምጣ። መብራት ጠፋ ብሎ ቡና ለማፍላት ወይ ወጥ ለማሞቅ ቤት ውስጥ ከሰል የሚያቀጣጥል ሰው አለ። እባካችሁ! አገር ቤትም ከሰል ስንቱን ሰው ከነቤተሰቡ ጨርሷል፣ የእዚህ ቤት ደግሞ ድፍን ነው፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ የለውም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ በእንቅልፍ ላይ እያላችሁ ነው የሚወስዳችሁ። መስኮት ከፍቻለሁ ማለትም አያድንም። ጄኔሬተርም እንደዚያው ነው፤ ጋራዥ ውስጥ በሩ ተከፍቶም ቢሆን አይነሳም፣ ውጭ፣ ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ ርቆ፣ ከበርና ከመስኮት ዘወር ብሎ ይቀመጥ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ግዙ። ለእናቶቻችን በደንብ አስረዷቸው፣ «አትንኩ» ብሎ ማለፍ ብቻ አይበቃም።

የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። የጎርፉ ለብቻው ነው የሚገዛው፣ በፌዴራሉ መንግሥት የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ከገዛችሁ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ሳይሞላ አይጀምርም። ማዕበሉ በቴሌቪዥን መታየት ከጀመረ በኋላ መደወል ጥቅም የለውም። «የእኔ ሰፈር ጎርፍ አያውቀውም» አትበሉ፤ በ2017 ሀሪኬን ሃርቪ ካጥለቀለቃቸው ቤቶች ብዙዎቹ በመንግሥት የጎርፍ ካርታ ላይ ከጎርፍ ቀጣና ውጪ ነበሩ። ተከራይ ከሆናችሁም ለዕቃችሁ መግዛት ትችላላችሁ።

ታክሲና ኡበር የምትሠሩ፣ ነዳጅ ቀድማችሁ ሙሉ፣ በውሃ በተሸፈነ መንገድ ግን አትግቡ። 12 ኢንች የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ይወስዳል። ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ይሁን። መድኃኒት ቀድማችሁ አስሞሉ፣ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው የበረዶ ሳጥን አዘጋጁ። ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛ ስልክ ላይ ሲመጣ የማይገባቸው አባትና እናት ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነ፣ ማን እንደሚደውልላቸው፣ ውጡ ከተባለም ማን ሄዶ እንደሚያመጣቸው ከወዲሁ ተነጋገሩ።